የኮሶው ልክ

ራስ ዓሊ በደብረ ታቦር፣ እናታቸው እቴጌ መነን በጎንደር ተቀምጠው አገሩን በሚገዙበት ዘመን ከቋራ ቆላ የተነሣው ካሣ ኃይሉ ስሙ እየከበደ መጣ። የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ይህን ወጣት ሽፍታ ሊያቃልሉት ሲፈልጉ ጦሩን አላነሡም፤ እናቱን አነሡ እንጂ። «የኮሶ ሻጭ ልጅ» አሉት። ወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን ክፉ ቀን ወድቆባቸው በጎንደር ገበያ ኮሶ እየሸጡ ልጃቸውን አሳደጉ የሚለው ነገር እውነትም ይሁን የጠላት ወሬ፣ ስድቡ ግን ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ እስከ እኛ ዘመን ደርሷል።

ሲነገር እንደኖረው፣ ከእቴጌይቱ የጦር አለቆች አንዱ የነበሩት ደጃዝማች ወንድይራድ የኮሶ ሻጯን ልጅ ይዘው እንደሚመጡ ፎክረው ዘመቱ። የሆነው ግን የተገላቢጦሽ ነበር። ጦራቸው ተፈታ፤ እርሳቸውም ተማርከው ካሣ ፊት ቀረቡ። ካሣ አልገረፋቸውም፤ ኮሶ አስበጥብጦ አቀረበላቸው እንጂ። እናቱ ያን ዕለት ገበያ ወጥታ ኮሶው አልሸጥ ስላላት የተረፈውን እንግዳው እንዲጠጡለት ለመናቸው ይባላል። ደጃዝማቹም ጠጡ። ይህ ሁሉ ካሣ «ዐፄ ቴዎድሮስ» ተብሎ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዘውድ ከመጫኑ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የሆነ ነው።

ይህን ታሪክ የሰማ ሁሉ ይስቃል። በቀሉ ብልኅ ነው፤ ደም የለበትም፤ ስድቡን መልሶ በተሳዳቢው ጉሮሮ አወረደው። ይሁን እንጂ ኮሶ መድኃኒት ነው፤ መድኃኒት ደግሞ ልክ አለው። ለመሆኑ ከልኩ አልፎ የተጠጣ ኮሶ በሰው ላይ ምን ያደርጋል? ሆድ መቁረጡን፣ ማስታወኩን፣ ራስ ማዞሩን የማያውቅ የለም። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ሌላ ነው። ኮሶ ከልኩ ካለፈ ዓይን ያጠፋል። ስለ ደጃዝማቹ ዓይን ታሪክ የነገረን ነገር የለም፤ እኛም አንጨምርበትም። ይሁንና ያ ዋንጫ ሁለት ነገር በአንድነት ይዞ ነበር፤ የአገሩን ሁሉ መድኃኒትና የአገሩን ሁሉ መርዝ። በሁለቱ መካከል የቆመው ልኩ ብቻ ነው።

«ዛሬ ኮሶ ጠጥተዋል»

ከደብረ ታቦር ከተማ ወደ ምሥራቅ ቀና ብሎ ለሚያይ የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታየዋል። የኮሶ ዛፍ አገሩ ይህን የመሰለ ደጋ ነው። እስከ 20 ሜትር ያድጋል፤ ከጽጌረዳ ወገን ነው፤ ወንዴውና ሴቴው በየራሳቸው ዛፍ ይበቅላሉ። ለመድኃኒት የሚመረጠው የሴቴዋ አበባ ነው። እንደ ዘለላ ተንዠርግጎ ቀላ ሲል ይለቀማል፣ በፀሐይ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ በውኃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ ያድራል፤ ጎህ ሲቀድ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ምሬቱን ለመግለጽ ሌላ ምሳሌ አያስፈልግም፤ በአማርኛ ለመራራ ነገር ሁሉ ምሳሌው እርሱ ራሱ ነውና።

ይህ ሁሉ መከራ የሚታየው ለምንድን ነው? ጥሬ ሥጋ ስለምንወድ ነው። በደንብ ካልበሰለ የከብት ሥጋ ጋር የሚገባው ትል በአንጀት ውስጥ ብዙ ሜትር ይረዝማል። ኮሶ ሲጠጣ ገላው እየተቆራረጠ ይወጣል። ራሱ ግን በአንጀት ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ከቀረ በሁለት ሦስት ወር ተመልሶ ያድጋል። አባቶቻችን በየሁለት ወሩ ኮሶ የመጠጣት ልማዳቸውን ያላንዳች ማጉያ መነጽር ከትሉ ዕድሜ ጋር ማስማማታቸው የሚደነቅ ነው። በቋንቋችንም ትሉና መድኃኒቱ በአንድ ስም ይጠራሉ። «ኮሶ አለብኝ» ያለ ሰው ስለ በሽታው፣ «ኮሶ ጠጣሁ» ያለ ደግሞ ስለ ፈውሱ መናገሩ ነው።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ፣ በጣና ዙሪያ ያለውን አገር ዞሮ፣ ያየውን በ1790 ባሳተመው ታላቅ የጉዞ መጽሐፉ ስለ ኮሶ ሥዕል ጨምሮ ጽፏል። አንድ እፍኝ የደረቀ አበባ በጠላ ተዘፍዝፎ አድሮ በማግሥቱ እንደሚጠጣ፣ ጠጪውም ከወዳጅ ዘመዱ ተለይቶ ከጧት እስከ ማታ ቤቱን ዘግቶ እንደሚውል ይተርካል። ይህ መከተት ያገር ሥርዓት ነበር። እንግዳ ደጅ ደርሶ «ዛሬ ኮሶ ጠጥተዋል» ከተባለ ሳይቀየም ይመለሳል። መኳንንቱም ሆነ ባላገሩ በዚህ አይለያዩም። ኮሶ የድኻ መድኃኒት አልነበረም፤ የሁሉም ነበር።

እዚህ ላይ «አንድ እፍኝ» የሚለውን ቃል ልብ ይሏል። የማን እፍኝ? የገበሬ እፍኝ ነው ወይስ የልጅ እናት እፍኝ? የዘንድሮ አበባ ነው ወይስ ከርሞ ኃይሉ የደከመ? ወደዚህ ጥያቄ እንመለሳለን።

ኮሶ በባሕር ማዶ

ብሩስ ዛፉን በእንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ በጆሴፍ ባንክስ ስም ሰይሞት ነበር፤ ስሙ አልጸናም። ዛሬ የሳይንስ ዓለም «ሀጌኒያ አቢሲኒካ» ብሎ ሲጠራው የመጀመሪያው ቃል ካርል ጎትፍሪድ ሀገን ለተባለ ጀርመናዊ የመድኃኒት ሊቅ መታሰቢያ ነው፤ ሁለተኛው የእኛው አገር ስም ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ብራዬር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በቁስጥንጥንያ ሳለ የኮሶን ፈዋሽነት አውቆ ወሬውን ወደ ፓሪስ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ የጎንደርና የትግሬ ደጋ አበባ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይፈለግ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1864 የወጣው የመጀመሪያው የብሪታንያ መንግሥት የመድኃኒት መዝገብም ኮሶን አስገባ። ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያኑን ሰብስቦ መድፍ በሚያሠራበት ዘመን፣ የእናቱ ስድብ የነበረው ሸቀጥ በለንደን በሚዛን እየተለካ ይሸጥ ነበር ማለት ነው።

አውሮፓውያን ኮሶን ከመፈለጋቸው በፊትም ሆነ በኋላ የራሳቸው የትል መድኃኒት ነበራቸው። በጥላ ሥር የምትበቅል፣ አበባ የማታወጣ፣ ፈርን የምትባል ቅጠላም ተክል ሥር ናት። ከሥሯ የሚጨመቀው ወፍራም ዘይት የሆድ ትል ያስወጣል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በጀርመንና በሌሎች አገሮች ማዕድን ቆፋሪዎችን ያደክም የነበረውን የመንጠቆ ትል ለማጥፋት ይኸው መድኃኒት በብዛት ታደለ። ያን ጊዜ ሐኪሞች አንድ አስደንጋጭ ነገር ማየት ጀመሩ። መድኃኒቱን ከወሰዱት መካከል አንዳንዶቹ በማግሥቱ ወይም በጥቂት ቀን ውስጥ ዓይናቸው ይጨልማል። ብሌናቸው ይሰፋል፤ ብርሃን ቢያበሩበትም አይጠብም። ከፊሎቹ ብርሃናቸው ሲመለስላቸው ከፊሎቹ ሳያዩ ቀሩ። ከዓይን ወደ አንጎል ብርሃንን የሚያደርሰው ነርቭ ደርቆ ነበር። ከዚህ በኋላ የሕክምና መጻሕፍት ማስጠንቀቂያ ጨመሩ። መጠኑ በጥብቅ ይመዘን፤ ትሉን ለማስወጣት ተብሎ የጉሎ ዘይት አብሮ አይሰጥ፤ ዘይቱ መርዙን ወደ ደም ያስገባዋልና።

ይህ ታሪክ እኛን ምን አገባው የሚል ይኖር ይሆናል። የሚያገባን የኬሚስትሪ ዝምድና ስላለ ነው። በኮሶ አበባ ውስጥ ትሉን የሚያሽመደምደው ኮሶቶክሲን የተባለው ንጥረ ነገርና በፈርን ሥር ውስጥ ያለው አቻው ከአንድ ቤተሰብ ናቸው። ሁለቱም ፍሎሮግሉሲኖል ከሚባለው ወገን ይመዘዛሉ። ባሕር የለያቸው ሁለት ተክሎች በአንድ ዓይነት መሣሪያ ትል ይገድላሉ። እንግዲያው የአንዱ ዓይን ካጠፋ የሌላውስ?

መልሱ ዘግይቶ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1969 (በ1961 ዓ.ም.) የኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ሮኮስ በተባለ ጸሐፊ የቀረበ አንድ ጥናት አተመ። ርእሱ በኮሶ መመረዝ የሚመጣ የዓይን ጉዳት ነበር። በ1985 ደግሞ ተመራማሪዎች ኮሶንና የእንቆቆ የቅርብ ዘመድ የሆነች ተክልን ለጫጩቶች ሰጥተው በሁለቱም ዕይታቸው እንደሚበላሽ፣ የዓይናቸው መረብም እንደሚጎዳ አሳወቁ። እንቆቆ ያለ ምክንያት እዚህ አልገባችም። ኮሶ አልሆን ሲል የደጋው ሰው ወደ እንቆቆ፣ ወደ መተሬ፣ ወደ ዱባ ፍሬ ይዞራልና። የእንቆቆ የሳይንስ ስሟ ሺምፐር የተባለውን ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ያስታውሳል። እርሱም ዕድሜውን በአገራችን ዕፅዋት ሲለቅም የኖረ፣ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ከተፈቱት አውሮፓውያን አንዱ የነበረ ሰው ነው።

ለምን ሳይታይ ኖረ?

አገር ምድሩ ለብዙ መቶ ዓመታት የጠጣው መድኃኒት ዓይን የሚያጠፋ ከሆነ ለምን አባቶቻችን አላወቁትም? ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ በችኮላም «ስላልተማሩ ነው» ብሎ ማለፍ ነውር ነው። በየሁለት ወሩ የሚጠጣበትን ቀን ያገኘ ሕዝብ ማስተዋል አይጎድለውም።

አንደኛው ምክንያት ኮሶ በልኩ ሲጠጣ አብዛኛውን ሰው አለመጉዳቱ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ጠጥቶ ደኅና ሲያድር የአንዱ ዓይን ቢጨልም ማን ኮሶን ይጠረጥራል? እርሱ ራሱም ትናንት እንደ ወትሮው ጠጥቷል፤ ካቻምናም ጠጥቷል።

ሁለተኛው ምክንያት የጊዜው መራራቅ ነው። የሚያስታውከው መድኃኒት ወዲያው ያሳብቃል። ዓይን የሚያጨልመው ግን ሌሊት አሳልፎ፣ ሕመሙ ሁሉ በረድ ካለ በኋላ ይመጣል። በመካከሉ ፀሐይ መትቶታል፣ ደጅ ወጥቷል፣ የተጣላው ሰው አለ። «ምች መታው» ለማለት የሚያበቃ ነገር አይጠፋም።

ሦስተኛው ምክንያት ዓይኑ ራሱ አለመናገሩ ነው። የዕይታ ነርቭ ሲጎዳ ዓይን አይቀላም፣ አያብጥም፣ መግል አይቋጥርም። ከፊት ለፊት ለሚያየው ሰው ጥርት ያለ ዓይን ነው። ጉዳቱን ለማየት በመሣሪያ ወደ ውስጥ መመልከት ያስፈልጋል፤ ያ መሣሪያ ደግሞ በደብረ ታቦርና በስማዳ፣ በእስቴና በጋይንት መንደሮች አልነበረም።

አራተኛው ከሁሉ የሚያሳዝነው ነው። በደጋችን ዓይነ ሥውርነት እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ዓይነ ሥውር መሆኑን አሳይቷል። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉን የዓይን ሞራ፣ ከአሥሩ አንዱን ያህል ደግሞ ትራኮማ ያሳወራቸው ናቸው። ትራኮማ በጸናበት በአማራ ምድር በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ በትር ይዞ የሚቀመጥ ሰው ባይጠፋ፣ ከመካከላቸው አንዱ በሞራ ሳይሆን በመድኃኒት የታወረ መሆኑን ማን ይለያል? ብዙ ዓይነ ሥውር ባለበት አገር የአንዱ ምክንያት በሌላው ሥር ይሸሸጋል።

ልኩ በማን እጅ ነበር?

አሁን ወደ እፍኙ እንመለስ። የብሪታንያው መዝገብ ኮሶን በአውንስ መዝኖ ሲያስቀምጥ ከፍተኛው መጠን ግማሽ አውንስ፣ ማለትም 14 ግራም ገደማ ነበር። በእኛ ዘንድ ሚዛን አልነበረም፤ ዕውቀት ግን ነበር። አበባው የዘንድሮ ይሁን የአምና፣ ከሴቴው ይሁን ከወንዴው፣ ጠጪው ወፍራም ይሁን ከሲታ፣ ልጅ ይሁን ሽማግሌ፣ ነፍሰ ጡር ትሁን አትሁን አይቶ የሚቆነጥር እጅ ነበር። ያም እጅ አብዛኛውን ጊዜ የሴት እጅ ነው፤ የእናት፣ የአያት፣ ወይም የዚያች የገበያ ዳር ኮሶ ሻጭ።

የታሪካችን ፌዝ እዚህ ላይ ነው። የመነን መኳንንት ካሣን በእናቱ ሙያ ሲሰድቡት ከአገሩ ሙያዎች ሁሉ እጅግ ጥንቃቄ ከሚፈልጉት አንዱን መስደባቸው ነበር። ኮሶ ሻጯ ልኩን ብትስት ገዢዋ ወይ ትሉን እንደ ተሸከመ ይመለሳል፣ ወይ ደግሞ ብርሃኑን ያጣል። እኛ ግን ዕውቀቱን አልጻፍነውም። ባለሙያዋን ስለናቅናት ሙያዋን ጠይቀን አልመዘገብነውም፤ አለመመዝገባችን ደግሞ ጎድቶናል። ልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ፣ አንድ እጅ ቢሳሳት የሚያርመው ወረቀት የለም።

አደጋው ከሁሉ ይበልጥ የሚመጣውም በልኩ መሃል ሳይሆን በዳሩ ነው። ኮሶው ጠጥቶት ሳያስወጣለት የቀረ ሰው «አልሠራልኝም» ብሎ በማግሥቱ ይደግማል። ያንን ያልነገረው ሰው እንቆቆ ይጨምርለታል። ሦስተኛው ደግሞ ሆዱ እንዲፈታ ሌላ ነገር ያጠጣዋል። እያንዳንዱ ለብቻው ልክ ነው፤ በአንድ ሆድ ውስጥ ሲደመር ግን ልክ አይደለም።

ከኮሶ ወደ ኪኒን

ዛሬ የሆድ ትል ያለበት የደብረ ታቦር ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ጥቂት ፍሬ መድኃኒት ውጦ ይድናል። ኒክሎሳማይድ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ ፕራዚኳንቴል ከዚያ በኋላ መጥተው ኮሶን ከዙፋኑ አወረዱት። ነገር ግን ኮሶ ቢወርድም የዓይኑ ጉዳይ አብሮ አልወረደም፤ ስሙን ለወጠ እንጂ።

ከጉና ቁልቁል ሲወረድ የፎገራ ሜዳ ይገኛል። ሜዳው የወባ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህል እንደ ገደለ ይገመታል። ለወባ ከጥንት ጀምሮ የታወቀው የፈረንጅ መድኃኒት ኪኒን ነው። ዛሬ ለራስ ምታትም ሆነ ለጉንፋን የምንውጠውን ፍሬ ሁሉ «ኪኒን» ማለታችን ያ መራራ መድኃኒት ምን ያህል ስም እንደ ነበረው ይመሰክራል። ኪኒን ስፍር ቁጥር የሌለውን ነፍስ አድኗል። ከልኩ ሲያልፍ ግን ጆሮ ያጮኻል፤ ከዚያም ባሰ በሰዓታት ውስጥ ዓይን ያጨልማል። ብርሃኑ ሲመለስ ብዙ ጊዜ መሃሉ ብቻ ይመለሳል፤ ሰውዬው ዓለምን በቱቦ ውስጥ እንደሚመለከት ሆኖ ይቀራል። ዛሬ ለጽኑ ወባ በቅድሚያ የሚሰጠው አርቴሱኔት የተባለው መርፌ ስለሆነ ይህ አደጋ ቀንሷል።

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ከሚውጣቸው መካከል ኢታምቡቶል የሚባል አለ። በሽታውን ለማሸነፍ እጅግ ይረዳል። በጥቂት ሰዎች ላይ ግን፣ ይልቁንም ኩላሊታቸው በደከመና መጠኑ በበዛባቸው ላይ፣ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ የሁለቱን ዓይን ነርቭ ይነካል። መጀመሪያ የሚሄደው ቀለም ነው፤ ቀዩና አረንጓዴው ይደበዝዛል። በጊዜ ከተደረሰበትና ሐኪም ካቆመው ብዙውን ጊዜ ይመለሳል፤ ካልተደረሰበት ላይመለስ ይችላል። አንባቢ ልብ ይበል፤ ታማሚው በገዛ ሥልጣኑ መድኃኒቱን መጣል የለበትም፤ የተጀመረ የነቀርሳ ሕክምና ማቋረጥ ራሱ ሞት ሊያስከትል ይችላልና። የሚገባው ያንኑ ዕለት ጤና ጣቢያ ሄዶ መናገር ነው።

ኮሶ፣ ፈርን፣ ኪኒን፣ ኢታምቡቶል፤ አንዱ ከጉና ደጋ፣ አንዱ ከጀርመን ጫካ፣ አንዱ ከደቡብ አሜሪካ ዛፍ ቅርፊት፣ አንዱ ከፋብሪካ የወጡ ናቸው። ሕጋቸው ግን አንድ ነው። ትሉን ወይም ተሐዋሲውን የሚገድለው ኃይል ልኩን ሲስት የሚያገኘው ሌላ ሕያው ነገር የሰውን ዓይን ሊሆን ይችላል። «የአገር ባህል ነው፣ አይጎዳም» የሚለውም፣ «የፈረንጅ ነው፣ አይጎዳም» የሚለውም እኩል ተሳስተዋል።

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ምክር አጭር ነው። ሰው በድንገት ዓይኑ ቢጨልምበት፣ ቢደበዝዝበት፣ ቀለም ቢጠፋበት፣ ጠበል ሳይንቅ፣ ፀሎቱንም ሳይተው፣ ያንኑ ቀን ሐኪም ቤት ይሂድ። ሐኪሙም «ምን ነካህ?» ብሎ ብቻ አይተወው፤ «በዚህ ሳምንት ምን ጠጣህ? ምን ዋጥህ?» ብሎ ይጠይቀው። ታማሚውም ኮሶውን፣ እንቆቆውን፣ ከጎረቤት የተዋሰውን ፍሬ ሳያፍር ይዘርዝር። ብዙ ሰው ለነርስና ለዶክተር የባህል መድኃኒት መጠጣቱን መናገር ያፍራል። ያ እፍረት ከመነን መኳንንት ስድብ የወረስነው ይመስለኛል። የኮሶ ሻጭን ያሳፈረ ሕዝብ ኮሶ ጠጪውንም አሳፍሮታል፤ ያፈረ ደግሞ አይናገርም፤ ያልተናገረውን ሐኪም አያውቀውም።

ያ በደጃዝማች ወንድይራድ ፊት የቀረበው ዋንጫ ዛሬም በየቤታችን አለ። መልኩ ተለውጦ በብልቃጥ፣ በእሽግ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ከማንሣታችን በፊት የምንጠይቀው ጥያቄም የጥንቱ ነው፤ የዚህ ልኩ ስንት ነው? ልኩንስ የሚያውቅልኝ ማን ነው?